የጓደኛዬን ኦፕራሲዮን ነው ያሠራሁት

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለ ውፍረት ኦፕራሲዮን ምርጫ የተናገርኩት ነው። ስጽፈው ጥቂት አቃናሁት እንጂ ያወራሁት እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። አትፈሩ። ማን ለራሱ እንደመጣ፣ ማን "ለዘመዴ ልጠይቅላት" ብሎ እንደመጣ አላጣራም።

መጀመሪያ ልናዘዝ። በ2016 የጨጓራ ኦፕራሲዮን ስሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው) አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የነገርኳት "የሐሞት ጠጠር ላስወጣ ነው" ብዬ ነው። ለውፍረት ብዬ ቢላዋ ሥር ልተኛ ነው ማለት አፈርኩ። እማዬም ስለት ተሳለችልኝ። ከዓመት በኋላ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? እውነተኛ የሐሞት ጠጠር ያዘኝ። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ለዚህም ብለው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መከላከያ ኪኒን የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። እኔ ግን ውሸቴ ነው ያገኘኝ እላለሁ። እንደገና ደውዬ "እማዬ፣ የሐሞት ጠጠር ላስወጣ ነው" ስላት "ስንት ሐሞት ነው ያለሽ?" አለችኝ።

ነርስ ነኝ፤ ግን የአጥንት ክፍል ነርስ። ቀኑን ሙሉ የማየው ጉልበትና ዳሌ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን በሐኪማችሁ ቃል ፋንታ አትውሰዱት። ሰርጀን ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ፣ ከዚያም በላይ ስትጠየቁ ምን መደበቅ እንደሌለባችሁ ካወቃችሁ ይበቃኛል። እኔ ደብቄ ነው ሁለት ጊዜ የተቆረጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ከእኔ ዓመት ቀድማ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ሆነች። በዓመት ውስጥ 38 ኪሎ ወረደች። ለልጇ ክርስትና የለበሰችው ቀሚስ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ደግሞ በ1.60 ቁመት 108 ኪሎ ነበርኩ፣ ደረጃ ስወጣ የምተነፍሰው ነገር ጎረቤት ያስነሳ ነበር። ሰርጀኑ ቢሮ ገብቼ በደንብ ሳልቀመጥ "እሷ የሆነችውን ሥራልኝ" አልኩት። ሰውየው ግን ሥራውን ያውቃል፣ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስኳር አለብሽ? የለብኝም። ታጨሻለሽ? አላጨስም። ቃር ያስቸግርሻል?

"አልፎ አልፎ" አልኩት።

አልፎ አልፎ! ቦርሳዬ ውስጥ ኦሜፕራዞል፣ የቃር መድኃኒት፣ ነበር። ማታ የምተኛው በሦስት ትራስ ነበር። ግን ይሄን በሽታ ብዬ አልቆጠርኩትም፣ ምክንያቱም ያደግኩት ጨጓራ የሌለበት ሰው በሌለበት ቤት ነው። አባቴ ጨጓራ፣ አክስቴ ጨጓራ፣ የጎረቤታችን ሠራተኛ ሳትቀር ጨጓራ። እኛ ዘንድ "ጨጓራ አለብኝ" ማለት ስምን እንደመናገር ነው። ልብ በሉ ግን፣ ጨጓራ በምንለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቅልሏል። የጨጓራ ቁስለት አለ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አለ። ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ፣ ማለትም ቃር አለ። እኛ ሦስቱንም በርበሬ ላይ ነው የምናላክከው፤ ለሰርጀኑ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የትኛውን ኦፕራሲዮን እንደምትሆኑ የሚወስኑበት ጊዜም አለ።

እሺ፣ በብዛት የሚሠሩት ሁለቱ፣ ስሊቭና ባይፓስ፣ ምንና ምን ናቸው?

ስሊቭ ማለት ጨጓራን በቁመቱ መቁረጥ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነው፣ እስከ 80 በመቶ፣ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። አንጀት አይነካም። የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመርተው ስለሆነ ረሃቡ ራሱ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምሳ መብላት የምረሳ ሰው ሆኜ ነበር፤ እኔ! ጣጣው ምንድነው፣ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ አሲዱም የሚሄድበት ሲያጣ ሽቅብ ይላል። ቃር የነበረበት ሊብስበት፣ ያልነበረበትም ሊጀምረው ይችላል።

ባይፓስ ሌላ ነው። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ትለያለች፤ ግማሽ ሲኒ ቡና በሏት። ከዚያ ትንሹ አንጀት ይቆረጥና የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ ከከረጢቷ ጋር ይሰፋል። ቀሪው ትልቁ ጨጓራ አይወጣም። እዚያው ሆዳችሁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግብ አያይም፣ ግን ጭማቂውን እየሠራ ወደ ታች ይልካል፤ ከምግቡ ጋር የሚገናኙት ዝቅ ብሎ ነው። አሲዱና ሐሞቱ ከጉሮሮ ስለሚርቁ ቃሩ ይረግባል። ሙሉ ስሙ "ሩ-አን-ዋይ ባይፓስ" ነው፤ "ሩ" የመጣው ሴዛር ሩ ከሚባል የስዊዘርላንድ ሰርጀን ነው፤ ባይፓስን ለክብደት ማዋል የጀመሩት ግን በ1960ዎቹ እዚሁ አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ፣ ኤድዋርድ ሜሰንና ባልደረባቸው ናቸው። "አዲስ ነገር ነው፣ እየሞከሩብን ነው" የምትሉ ካላችሁ ባይፓስ በዕድሜ እኔን ይበልጣል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ነው ብዙ የሚያከሳው?" ብሎ ነው። ልመልስና ልለፈው። እዚህ አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት በ2018 ወጥቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ባይፓስ የሆኑት በአማካይ ከጠቅላላ ክብደታቸው 26 በመቶ ገደማ፣ ስሊቭ የሆኑት 19 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። 100 ኪሎ ለነበረ ሰው ልዩነቱ ሰባት ኪሎ ነው። ሰባት ኪሎ ቀላል አይደለም፤ ግን ለሰባት ኪሎ ብሎ ብቻ አንጀት አይቆረጥም። አማካይ ደግሞ አማካይ ነው። ጓደኛዬ በስሊቭ የወረደችውን እኔ በሁለቱም ተደርቦ አልወረድኩም።

እኔ ከኪሎው በፊት የማየው ቃሩን ነው። ፊንላንድ ውስጥ 240 ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው ግማሹን ስሊቭ፣ ግማሹን ባይፓስ አደረጓቸውና አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2022 ታተመ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሲታዩ የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ተቃጥሎ የተገኙት ከስሊቮቹ 31 በመቶ፣ ከባይፓሶቹ 7 በመቶ ነበሩ። ስዊዘርላንድ ውስጥም በተመሳሳይ ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ ቃሩ የባሰባቸው ከስሊቮቹ ሲሶ ያህሉ ነበሩ። እኔ ይሄን ጥናት ሳነብ አስቀድሜ ከ31ዱ አንዷ ሆኛለሁ።

የሆነው ይሄ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 79 ወረድኩ፣ ዓለም የኔ ሆነች። በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ አፌ ውስጥ የሚመጣ መራራ ውሃ ከእንቅልፌ ያነቃኝ ጀመር። መድኃኒቱን እጥፍ አደረጉልኝ። በ2019 ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው። ቃሩን የሚያስታግስልኝ ለስለስ ያለ ነገር ብቻ ሆነ፣ እርጎ፣ አይስክሬም፣ ገንፎ፣ እና እሱ ራሱ 88 ኪሎ አደረሰኝ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሊቩን ወደ ባይፓስ ቀየሩልኝ። ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ባደርኩት በሦስተኛው ሌሊት በአንድ ትራስ ተኛሁ። ዛሬ 76 ነኝ። ሰርጀኑን አልወቅስም። "አልፎ አልፎ" ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም በቃሌ አምኖኝ ኢንዶስኮፒ አላዘዘልኝም። እናንተ እዘዙልኝ በሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታይ፤ ኤች ፓይሎሪም ካለ አስቀድሞ ይታከም። በተለይ ባይፓስ የምትሆኑ፣ ተለይቶ የሚቀረው ጨጓራ ከዚያ በኋላ በተለመደው ኢንዶስኮፒ አይደረስበትም።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ክሊቭላንድ ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ስኳራቸው በመድኃኒት ያልተያዘላቸው 150 ሰዎች ተወስደው ከፊሉ በመድኃኒት ብቻ ቀጠለ፣ ከፊሉ ስሊቭ ሆነ፣ ከፊሉ ባይፓስ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሦስት ወሩ የስኳር መለኪያቸው 6 እና ከዚያ በታች የወረደላቸው በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 5 በመቶ፣ ከስሊቮቹ 23 በመቶ፣ ከባይፓሶቹ 29 በመቶ ናቸው። እዩት፣ በሁለቱ ኦፕራሲዮኖች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ነው ሰፊው። ስኳር ከያዛችሁ ጥቂት ዓመት ከሆነ ዕድላችሁ ጥሩ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ ይለቀኛል ብሎ አይጠብቅ። ደግሞ ስኳሩ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በቀናት ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል መድኃኒቱን ማን እንደሚቀንስላችሁ ከሆስፒታል ሳትወጡ እወቁ። በድሮው መጠን ቀጥሎ የወደቀ ሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛው የኔ መንደር ነው፤ መድኃኒት። ባይፓስ ከሆናችሁ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ የዚህ ዘር የሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ ይቅሩባችሁ። ከረጢቷና አንጀቱ የተሰፉበት ቦታ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ሊበሳም ይችላል። ሲጋራም እንደዚያው። ጉልበቱን የሚያመው፣ ለሪህ ወይም ለአስም እየደጋገመ ፕሬድኒሶን የሚወስድ ሰው ይሄን አስቀድሞ ያውራ። እነዚህን መድኃኒቶች መተው የማይችል ሰው ብዙ ጊዜ ስሊቭ ይሻለዋል፤ አንጀቱ ላይ ከባድ ሕመም ያለበት ወይም ሆዱ በተደጋጋሚ የተከፈተ ሰውም እንዲሁ። ስሊቭ መጥፎ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር በብዛት የሚሠራው እሱ ነው፣ አጠር ይላል፣ የቪታሚን ጣጣው ይቀንሳል፣ ካልሆነም እንደኔ ወደ ባይፓስ ይቀየራል። "ስሊቭ ቀላሏ ናት፣ ሲያሻኝ አስመልሳለሁ" የሚባለው ግን ቀልድ ነው። የተቆረጠው ጨጓራ ተጥሏል።

የቀሩትን በሩጫ ልንካቸው። ባንድ፣ ያ በጨጓራ አናት ላይ የሚታሰረው ቀለበት፣ እዚህ በ2001 ተፈቅዶ አንድ ሰሞን ጉድ ተባለለት፤ አሁን ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበዛል። ዱኦዲናል ስዊች፣ ስሊቭ ተሠርቶ በዚያ ላይ አብዛኛው ትንሹ አንጀት የሚታለፍበት፣ ከሁሉም ይበልጥ ያከሳል፣ ለስኳርም ከሁሉም ይበረታል፣ ግን ምግቡም ቪታሚኑም አብሮ ነው የሚያመልጠው፤ ክብደታቸው እጅግ ከፍ ያለና ክትትል የማይሰለቻቸው ሰዎች ናቸው የሚሆኑት። ሚኒ ባይፓስ የሚሉት ደግሞ ስፌቱ በሁለት ፋንታ አንድ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን እሱን ይበልጥ ይሰማሉ፣ እዚያ በብዛት ይሠራልና። ቃር ያለበት ሰው ስለ ሐሞት መመለስ ይጠይቅበት።

አሁን የፈረንጅ ወረቀት ላይ ወደማይገኘው እንምጣ። ጾም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል ይሉናል። ካልሆነ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ፀጉር ይረግፋል። አንድ የአሜሪካ ካፕ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። 60 ለመድረስ ከሦስት ካፕ በላይ ምስር ሊበላ ነው፤ በየትኛው ሆድ? በስድስተኛው ወር እኔ ግማሽ ካፕ ስበላ ሠርግ የዋልኩ ያህል ነበር የምጠግበው። ቪታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ነው የሚገኘው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ባይፓስ የሆነ ጨጓራ በዚህ ላይ ቢ12ን በደንብ አያስመጥጥም። ስለዚህ ቪታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፣ ጾሙም ቢፈታ። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይራራቁ፤ ብረቱን ደግሞ በቡና አታወራርዱት፣ ቡናው ይዞ ያስቀረዋል። ቡና ጠላት ነው አላልኩም፣ አትዩኝ እንደሱ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ስጠይቃቸው ፈርቼ ነበር። "ልጄ፣ መጀመሪያ ዳኚ" ነው ያሉኝ። እንቁላሏንም እርጎዋንም በቡራኬ በላሁ፤ አሁን እጾማለሁ፣ በፕሮቲን ዱቄትና በሽሮ፣ በሰዓት ግን አልጠብቅም። ረመዳን የምትጾሙም፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ዋነኞቹ አንዱ የውሃ እጥረት ነው። ውሃ ተጎንጭቶ እንጂ ጭልጥ አድርጎ መጠጣት አይቻልም፣ ከምግብ ጋርም አይጠጣም። ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ለመዋል ከማሰባችሁ በፊት ሐኪሙንም ሸኩንም አማክሩ።

ጉርሻ ሌላ ጉድ ነው። ሙሉ ጉርሻ ግማሽ ሲኒ ውስጥ ሲገባ አስቡት። "በሞቴ!" ይላሉ፤ እኔ ነኝ የምሞተው። ዓምና አገር ቤት ሄጄ ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት፣ ምክንያቱም ዶሮ ወጥ ይዛ ከፊቴ ቆማ ነበር። ተቀየመችኝ። ግን የተቀየመችው በኦፕራሲዮኑ አይደለም፣ ለሐሞቴ ብላ ያስገባችውን ስለት አስባ ነው። ጣፋጭ ደግሞ ባይፓስ ለሆነ ሰው ወዮ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ኬክ በልቼ ልቤ ዳንኪራ ሲመታ፣ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ እኔ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ነበርኩ። አልኮልም ቶሎና በኃይል ነው አናት ላይ የሚወጣው። አንድ ብርጭቆ ጠጅ የድሮውን ሦስት ይሆናል፣ መንዳት የለም። መውለድ የምታስቡ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ቆዩ፤ ባይፓስ የሆናችሁ የወሊድ መከላከያ ኪኒናችሁን አትመኑት፣ ሌላ ዘዴ ጠይቁ።

ከአዳራሹ የተጠየቅኩትን እዚህ ላይ ልጨምር።

አንድ ወንድሜ "በርካሽ ውጭ አገር ሄጄ ብሠራስ?" አለኝ። ቱርክም ሜክሲኮም ጎበዝ ሰርጀኖች አሉ፣ አልክድም። በአጠቃላይ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ በመጀመሪያው ወር የመሞት አደጋው ከሺህ አንድ አካባቢ ነው። ግን ስፌቱ ካፈተለከ ብዙ ጊዜ የሚያፈተልከው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፣ ያኔ እናንተ አውሮፕላን ላይ ወይም ቤታችሁ ናችሁ። ልብ በጣም ሲመታ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ የግራ ትከሻ ሲያም ለማን ነው በሌሊት የምትደውሉት? ለዚህ መልስ ያለው ይሂድ።

አንዲት ወጣት ደግሞ ስለ ኦዜምፒክና ስለ መሰሎቹ የማክሻ መርፌዎች ጠየቀችኝ። መርፌዎቹ ቀልድ አይደሉም። ከመሰሎቹ አንዱ፣ ቲርዜፓታይድ፣ በከፍተኛው መጠን በአማካይ 20 በመቶ ገደማ አስቀንሷል፣ ይሄ ስሊቭን የሚያክል ነው። ሲቆም ግን አብዛኛው ይመለሳል፣ ዋጋውንም ታውቁታላችሁ። በ2022 የወጣው የሰርጀኖቹ መመሪያ ኦፕራሲዮንን የሚመክረው ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚወጣው ቁጥር፣ 35 ለሞላ ሰው ሁሉ ነው፤ በ1.60 ቁመት 90 ኪሎ ማለት ነው። ስኳርና የመሳሰለው ላለበት ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ልጅቷ ከዚያ በታች ነበረች፣ በዓይን ያስታውቃል። "አንቺ ሐኪምሽን ስለ መርፌው አናግሪው፣ ሰርጀን አትፈልጊ" አልኳት።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ስኳር የለባቸውም። ቃር አያውቁም፣ "ጨጓራዬ ድንጋይ ይፈጫል" አሉ። ጉልበታቸው ግን አልቋል፣ ሰውነታቸው ቀለል ካላለ ጉልበቱን አንቀይርም ብለዋቸዋል፣ እስከዚያው በቀን ሦስት ጊዜ ኢቡፕሮፌን ነው። "እና ልጄ፣ ባይፓሱን ልሁን?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ለእርስዎ ስሊቩ ሳይሻል አይቀርም" አልኳቸው።

"አንድ ሰዓት ሙሉ በስሊቭ ስታስፈራሪኝ ቆይተሽ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው እስክሪብቶ አወጡና ኢንዶስኮፒ የሚለውን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ።